ፓኔሉ ከጣራ ላይ፣ ባትሪው ከገበያ

ሰኞ የደሴ የገበያ ቀን ነው። ከደሴ ዙሪያ፣ ከኩታበርና ከአልብኮ የሚመጣው ሕዝብ እህሉን፣ ቅቤውንና በጉን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሚይዛቸው ዕቃዎች አንዱ ሶላር ከሆነ ሰነባብቷል። ቀደም ባለው ጊዜ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ አስሞልቶ፣ ለኩራዙ ክር ገዝቶ ይመለስ የነበረ ገበሬ ዛሬ ትንሿን ፓኔል በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ይሄዳል። ከመግዛቱ በፊት ያገላብጣታል፣ ስንት አምፖል እንደምታበራ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ዋስትናም ይፈልጋል። ቤቱ ከደረሰ በኋላም አቧራዋን የሚጠርግላት፣ ከሕፃናትና ከዶሮ የሚጠብቃት እሱው ነው።

የሶላር ገበያው ግን ሌላም ደንበኛ አለው። ይህ ደንበኛ ጤና ኬላው፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። የሚገዛው በጨረታ ወይም በፕሮፎርማ ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይገዛም፣ በእርዳታ ይሰጠዋል። ዕቃው ከገበሬው ሶላር በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ልዩነቱ የሚታየው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የገበሬው ሶላር ሲበላሽ ባለቤቱ በማግስቱ ደሴ ይወርዳል። የጤና ኬላው ሲበላሽስ ማን ይወርዳል?

የሕዝብ ተቋማት የሶላር ንግድ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ፓኔሉን ጣራ ላይ መስቀል የአንድና የሁለት ቀን ሥራ ነው። እንዲሠራ ማድረግ ግን የ20 እና የ25 ዓመት ሥራ ነው።

ግድቡ ተመርቆ ሶላር ለምን?

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ያላት አገር ለጤና ኬላ ጣራ ፓኔል የምትገዛው ለምንድን ነው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ከከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ወደ ገጠር መንደር ለመግባት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ሽቦ ያስፈልጋል። አንድ ተራራ ወጥቶ፣ አንድ ገደል ወርዶ ለ60 ቤትና ለአንድ ጤና ኬላ የሚዘረጋ ሽቦ ወጪውን መመለሱ ይቅርና የጥገናውን እንኳ ለመሸፈን ይቸገራል። የደቡብ ወሎን መልክዓ ምድር ለሚያውቅ ይህ ማስረጃ አያሻውም። ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከለላ፣ ደላንታና መቅደላ በካርታ ሲታዩ ቅርብ ናቸው፤ በእግር ሲሄዱ ግን ሌላ ነው።

መንግሥትም ይህን ተቀብሏል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ፕሮግራም እስከ አውሮፓውያኑ 2025 ድረስ አገሪቱን በሙሉ ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ እንደ ሶላር ካሉ ከመስመር ውጪ ከሆኑ ምንጮች እንዲሆን ነበር የቀመረው። የተባለው ዓመት ደርሶ አልፏል፤ ግቡ ግን አልተሟላም። የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ለዚሁ ዘርፍ ያጸደቀው የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ከቤተሰቦችና ከአነስተኛ ድርጅቶች ሌላ 1,400 ያህል የጤናና የትምህርት ተቋማትን እንዲያካትት የታቀደ ነው። ስለዚህ ገበያው አለ፣ ወደፊትም ይቀጥላል።

መስመር የገባለት ከተማ ቢሆንስ? ደሴና ኮምቦልቻ ትምህርቱን በከባዱ አይተውታል። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ መብራት ተቋረጠ፣ ስልክ ተዘጋ። የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ የሚታመንበት የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። ከተሞቹ በኅዳር ወር መጨረሻ እስኪመለሱ ድረስ በነበሩት ሳምንታት፣ በሩቅ በሚመጣ ሽቦ ብቻ ለሚሠራ የሕክምና ተቋም መብራት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው የማያሻ ሰው በደሴ ብዙ ነው።

የአንድ ጤና ኬላ ሂሳብ

ሶላር የሚገዛ ተቋም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሂሳቡን ከፓኔሉ በመጀመሩ ነው። ሂሳቡ የሚጀምረው ከፍጆታው ነው። ለምሳሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉትን አንድ ጤና ኬላ እንውሰድ።

ባለ 10 ዋት አራት አምፖሎች በቀን ለ6 ሰዓት ቢበሩ 240 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ባለ 20 ዋት የመመርመሪያ መብራት ለ3 ሰዓት ሲበራ 60 ዋት ሰዓት ነው። ስድስት የእጅ ስልኮችን ለመሙላት 60፣ የቤተሰብ መረጃ የሚመዘገብባቸውን ሁለት ታብሌቶች ለመሙላት ደግሞ 40 ዋት ሰዓት ይያዝ። ድምሩ 400 ዋት ሰዓት ይሆናል።

በአገራችን በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበት ያለው ፀሐይ ይገኛል ተብሎ ይታሰባል። 400ን ለ5 ብናካፍል 80 ዋት ይመጣል። ነገር ግን በሽቦው፣ በባትሪው፣ በሙቀትና በአቧራ ከሲሶ በላይ ስለሚባክን፣ የሚያስፈልገው 125 ዋት ገደማ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ የደሴን ሰማይ ጉምና ደመና ስለሚሸፍኑት፣ ጠንቃቃ ባለሙያ 200 ዋት ይላል።

ባትሪው ደግሞ ፀሐይ ሳይወጣ ሁለት ቀን ቢቆይ ሊያሳድር ይገባል። ይህም 800 ዋት ሰዓት ነው። በገበያው የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ከተደረገ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ መያዝ ያለበት 1,600 ዋት ሰዓት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል 133 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ገበያ ላይ የሚገኘው ቅርቡ ልክ ባለ 150 ነው።

የክትባት ማቀዝቀዣ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም፤ መግባትም የለበትም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ ከወጣ ጠርሙሱ ሳይለወጥ ውስጡ ይሞታል። ለዚህ ሲባል የተሠሩት አዳዲሶቹ የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች የራሳቸው ፓኔል ያላቸውና ባትሪ የማይፈልጉ ናቸው። ቀን በፀሐይ ኃይል በረዶ ያጠራቅማሉ፣ ሌሊትና በደመና ቀን በበረዶው ይቀዘቅዛሉ። የእነሱን ፓኔል ለአምፖል ወይም ለስልክ ማዋል የመንደሩን ሕፃናት ክትባት ማበላሸት ነው።

ጤና ጣቢያ ሲሆን ሂሳቡ ይሰፋል። ጤና ጣቢያ በገጠር ለ25,000 ያህል ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትወሰደው ወደዚያ ነው። የማዋለጃ ክፍል መብራት፣ ማይክሮስኮፕ፣ የላቦራቶሪ ማሽን፣ ኮምፒዩተርና ማቀዝቀዣ አለው። ዕቃ የሚቀቅለውን ማሽን የመሰለ በሙቀት የሚሠራ መሣሪያ ሲጨመርበት ፍጆታው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በትንሽ ሶላር የሚሞከርም አይደለም።

ፓኔሉ ረከሰ፣ ብሩም ረከሰ

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በዓለም ገበያ አንድ ዋት ፓኔል 4 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የያኔው ዶላር 9 ብር ገደማ ስለነበር፣ ባለ 200 ዋት ፓኔል ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 7,200 ብር ያወጣ ነበር ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ የአንድ ዋት ዋጋ ወደ 12 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ወርዷል። ያው ባለ 200 ዋት ፓኔል 24 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጉዞውን ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ 125 ብር ገደማ ደርሷል። ስለዚህ በ57 ብር ሂሳብ 1,370 ብር ያህል የነበረው ፓኔል በ125 ሲሰላ 3,000 ብር ሆነ። ይህ የፋብሪካ በር ዋጋ ነው። የመርከብ ጭነቱ፣ የጅቡቲ ወደቡ፣ የመኪና ኪራዩና የነጋዴው ትርፍ ከዚያ በላይ ናቸው።

ነገሩ የሚገርመው፣ ብሩ በዚህን ያህል ወድቆም እንኳ ፓኔሉ ከ1999 ዓ.ም. ይልቅ በብርም ረክሶ መገኘቱ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ አይገኝም።

የመንገዱም ነገር አለ። ከጅቡቲ የተነሳ ጭነት በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዋሽ ያመራል፤ ሌላው በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይወጣል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና የጉምሩክ ቅርንጫፍ ያላት ከተማ ናት። ከደሴም የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁንና አብዛኛው አስመጪ መጋዘኑ አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ዕቃው በመጀመሪያ ወደ መሐል አገር ገብቶ ኋላ 400 ኪሎ ሜትር ወደ ደሴ ይመለሳል። የኮምቦልቻን በር የሚጠቀም ነጋዴ ቢበዛ ዋጋው ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም።

ችግሩ ባትሪው ነው

ጥሩ ፓኔል 25 ዓመት ይሠራል። የእርሳስ ባትሪ ግን በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው። በአንድ ፓኔል ዕድሜ ውስጥ ባትሪው 5 እና 6 ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው። ቆላ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ባለሙያዎች እንደሚሉት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ደሴ ብርድ ላይ 5 ዓመት የሚቆየው ባትሪ ወረባቦ ወይም ቃሉ ቆላ ሲወርድ ያንን አይጠበቅበትም።

የሊትየም ባትሪ ሌላ ነው። እስከ 80 በመቶ ቢወርድም ስለሚችል ባለ 150 የእርሳስ ባትሪ የሚሠራውን ባለ 100 ይሠራዋል። ዕድሜውም 10 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ሲገዙት ውድ ነው፤ በዓመት ሲያካፍሉት ግን ሂሳቡ ይቀየራል። ችግሩ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን የሚመርጥ የግዢ አሠራር የዛሬን ዋጋ እንጂ የአሥር ዓመቱን አለማየቱ ነው።

የባትሪው ሞት ደግሞ ድንገት አይደለም። በመጀመሪያ መብራቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ቀጥሎ 5 ሰዓት ላይ። ከዚያ ምሽት 2 ሰዓት ላይ። በመጨረሻ ፀሐይ ስትገባ አብሮ ይጠፋል። በዚህ መሐል ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይሄዳል። ሐምሌ 1 ቀን የጸደቀው በጀት ባትሪ የሚል ርዕስ ከሌለው መልሱ የሚመጣው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። እስከዚያው የጤና ባለሙያዋ በእጅ ስልክ መብራት ትሠራለች። ፓኔሉ ግን ጣራው ላይ ጤነኛ ሆኖ፣ ፀሐይ እየበላ፣ ኃይሉን የሚቀበለው አጥቶ ይቀመጣል።

ሬማ ያሳየችው

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። በአገራችን ለአንድ መንደር በፀሐይ መብራት የመስጠት ሥራ በ1977 ዓ.ም. ገደማ ሚጦ በተባለች መንደር ከ10 ኪሎ ዋት በላይ በሆነ ጣቢያ ተሞክሯል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን የሬማ ነው።

ሬማ በሰሜን ሸዋ፣ ከደቡብ ወሎ ጋር በሚዋሰነው ሚዳ ወረሞ ወረዳ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመናዊው ሐራልድ ሹትስአይክል የተመሠረተው የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን በሬማና በአካባቢዋ ከ2,000 የሚበልጡ አነስተኛ የቤት ሶላሮችን ተከለ። እያንዳንዱ ቤት የደረሰው ባለ 10 ዋት ፓኔልና ጥቂት የኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው። ሥራው በ2001 ዓ.ም. አሽደን የተባለውን የእንግሊዝ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

ለነጋዴና ለበጀት ሰው የሚጠቅመው ግን ሽልማቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው። አንደኛ፣ ተጠቃሚው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለጥገናና ለባትሪ ይውላል። ሁለተኛ፣ እዚያው ሬማ የሶላር ትምህርት ቤት ተከፍቶ የገጠር ወጣቶች የመትከልና የመጠገን ሙያ ተማሩ። ሦስተኛ፣ መለዋወጫ ቅርብ ሆነ። ዕቃውን ያመጣው እርዳታ ነው፤ ያቆየው ግን ክፍያው፣ ሙያውና መለዋወጫው ነው።

ማን ይክፈል?

የሬማ ቤተሰብ ለራሱ አምፖል ይከፍላል። ጤና ኬላ ግን አገልግሎቱ በነፃ ስለሆነ የራሱ ገቢ የለውም። ባትሪ ሲሞትበት የሚያየው ወደ ጤና ጣቢያው ነው። ጤና ጣቢያዎች የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው በቦርድ ውሳኔ እንዲጠቀሙበት ስለተፈቀደ፣ ከመድኃኒቱ ግዢ ጎን ለጎን በሥሩ ላሉት ጤና ኬላዎች የባትሪ መተኪያ በየዓመቱ ቢያስቀምጥ ከአቅም በላይ አይሆንም። የባትሪው ዋጋ ለአራት ዓመት ተካፍሎ በየዓመቱ ሩብ ሩቡ ቢቀመጥ፣ የመጨረሻው ቀን ሲመጣ ገንዘቡ ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤትም በተማሪው ቁጥር ልክ የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ ስላለው ያንኑ ማድረግ ይችላል።

የስልክ መሙያ ገቢም የሚታሰብ ነው። መስመር በሌለበት መንደር ስልክ መሙላት በክፍያ የሚሠራ ሥራ ነው። ነገር ግን ለዚህ ጥንቃቄ ያሻል። ከላይ የተሠራው ሂሳብ ለስድስት ስልክ ነው። የመንደሩ ስልክ ሁሉ ሲሰካበት ገቢው ይገኛል፣ ባትሪው ግን ከዓመቱ በፊት ያልቃል። ይህን ያሰበ ተቋም ለስልኩ የተለየ ፓኔል ከመጀመሪያው መትከል አለበት።

ለወሎ ሕዝብ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ሩቅም አይደለም። ቅሬ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት፣ በየወሩ የሚያዋጣበት፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ያልከፈለውን የሚቀጣ ማኅበር ነው። ድንኳኑንና ድስቱን ቆጥሮ ያስቀምጣል፤ የተሰበረውን ያስተካል። ድስት የሚያስተካ ማኅበር ባትሪ ማስተካት አይከብደውም። ዕቃው የመንግሥት ነው ተብሎ ከተተወ ግን ቅሬው አይነካውም፣ መንግሥትም አይደርስለትም። ከመተከሉ በፊት መነጋገር የሚበጀው ለዚህ ነው።

ገዥው ደሴ ሲመጣ

ለጤና ተቋም ወይም ለትምህርት ቤት ሶላር ለመግዛት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢያውቅ ኪሳራ ይቀንሳል።

ባትሪውን ያንሳው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 150 ደግሞ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በአንድ እጅ ብድግ የሚል ባትሪ ላይ 150 የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበት እርሳሱ የለም ማለት ነው። የመኪና ባትሪም ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አልተሠራም።

ፓኔሉን ይለካው። በዛሬው ጥበብ 200 ዋት ለማመንጨት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል። የዚያን ግማሽ የምታክል ፓኔል 300 ዋት ነኝ ብትል እውነት አይደለም።

ተከላውን ከዕቃው ጋር ያዋዋል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው በመጠኑ ዘንበል ብሎ መተከል አለበት። የዛፍ ጥላ ከአንዱ ጥግ ቢያርፍበት እንኳ ኃይሉ በብዙ ይወርዳል። ሻጩ ከ6 ወር በኋላ መጥቶ እንዲያይ በውሉ ይጻፍ። ከተቋሙም አንድ ሰው ውኃ መሙላትን፣ መጥረግንና ፊውዝ መለወጥን ይማር፤ ጥበቃው ቢሆን ይመረጣል፣ ቶሎ አይዛወርምና።

ከሁሉ በላይ ግን ፓኔሉ በተገዛበት ቀን የሚቀጥለው ባትሪ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ባትሪው ከሞተ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ያን ሌሊት ምጥ ለያዛት እናት መብራት አይሆናትም።

ነጋዴውም ከዚህ የሚያተርፈው አለ። አንድ ጊዜ ሸጦ የሚሸሽ ሻጭ የሚያገኘው የአንድ ፓኔል ትርፍ ነው። ውል ገብቶ የሚጠግን ግን በ25 ዓመት ውስጥ አምስትና ስድስት ባትሪ ይሸጣል። ፀሐይዋ በየቀኑ በነፃ ትወጣለች፤ ገበያው ያለው ከእሷ በታች ነው።